አምስተኛው ስም

መካሪው የሚባለው የትንበያ ማሽን ማክሰኞ ጠዋት በረዳት አሰልጣኝ ሂንዲያ አብዱሰላም ጆሮ የተናገረው ይህ ነው፦ «ሶሬቲ ጉደታ። የግራ ጉልበቷ ጅማት በዚህ ወር ውስጥ፣ ጨዋታ ላይ፣ ይበጠሳል። ከቅዳሜ ጀምሮ አትጠራ።»

ሶሬቲ ጉደታ በዚያው ጠዋት በባዶ እግሯ እግር በሚመረምረው ምንጣፍ ላይ ቆማ «ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» ተብላ ስትጠየቅ የመለሰችው ደግሞ ይህ ነው፦ «እንደ ፍየል! አቦ፣ ቁርስ የት ነው?»

ሁለቱም ቃሎች ተመዝግበዋል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉልበት ነው። በጨርጨር ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ሁለቱንም የሰማችው ግን ሂንዲያ ብቻ ነበረች። ትንበያ ለተጫዋች አይነገርም፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ተጫዋቿ የምታውቀው ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ስሟ ሳይጠራ ሲቀር ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ልምምድ የሚጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። ረፋዱ ላይ ከተማው ይዘጋል፤ ፀሐይዋ ዘንበል እስክትል ድረስ ደጅ የሚታይ ሰው የለም። ስለዚህ ልጆቹ ገና ሳይነጋ ይነሳሉ። እነሱ ከመነሳታቸው በፊት ሌሊቱን እንዴት እንደተገላበጡ አልጋዎቻቸው ለመካሪው ተናግረው ጨርሰዋል። ተሰልፈው ምንጣፉ ላይ ይቆማሉ። ቁርስ በየስማቸው ይመጣል፤ ለአንዷ እንቁላል፣ ለሌላዋ በርበሬ የሌለው ገንፎ። ከፎቁ ሲወርዱ ከፊሎቹ በደረጃው፣ ከፊሎቹ በአሳንሰሩ እንዲሄዱ ይነገራቸዋል፤ ለምን ብላ የምትጠይቅ የለችም። የሶሬቲ እናት በደኖ ከተማ ቁጭ ብለው የልጃቸውን እንቅልፍ በስልካቸው ያያሉ። «ትናንት ማታ ምን ስታስቢ ነው ልብሽ እንዲህ የሮጠው?» ብለው ሲደውሉ፣ ሶሬቲ «እማዬ፣ ልቤን ተዪልኝ እንጂ!» ትላለች። በየሠፈሩም ቢሆን ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው የልጅቷን የወገብ ትንበያ ከሆነ ቆይቷል።

የረዳት አሰልጣኝ ዋና ሥራ ድምፅ መስጠት ነው። ሕጉ እንደሚለው ማንም ተጫዋች ከሰው አንደበት በቀር በሌላ ነገር አትጠራም፣ አትቀርም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ረዳቷ መሃል ሜዳ ባለው ክብ ውስጥ ትቆማለች፤ መካሪው በጆሮዋ ስም ይነግራታል፤ እሷ ጮክ ብላ ትጠራለች። አምስት ስም። ዝም ካለች ቡድኑ ሳይጫወት ይሸነፋል። ሌላ ስም ከጠራች ግን የጠራቻት ትጫወታለች። ሕጉ ይህን አይከለክልም፤ የሰው ድምፅ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው ይባላል። ይህ ግን «ማፈንገጥ» ተብሎ ይያዝባታል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ እግር ላይ የሚደርሰውን ሁሉ የምትጠየቀው እሷ ናት።

ሂንዲያ አፈንግጣ አታውቅም። ረዳት ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በአራት ኮሌጆች ሠርታለች። የጀመረችው ጅግጅጋ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራዋ የተጫዋቾችን ማሊያ ማጠብና ማጠፍ ነበር። ቀጥሎ ውኃ ማቅረብ፣ ከዚያ ምንጣፉን መጠበቅ፣ በመጨረሻም ድምፅ። ከማሊያ አጣቢነት በፊት በዚያው ኮሌጅ ተጫዋች ነበረች። ሃያ ዓመቷ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ስሟ ሳይጠራ ቀረ። ከዚያ በኋላ የፈለጋት ክለብ አልነበረም፤ በትንበያ ምክንያት ያልተጠራችን ልጅ የሚወስድ ክለብ የለምና። በሊጉ ካሉት ረዳት አሰልጣኞች አብዛኞቹ እንደ እሷ ያልተጠሩ ናቸው። ኮሌጆቹ ሥራውን የሚሰጧቸው በማዘን ነው የሚሉ አሉ። ረዳቶቹ በውድድር ሲገናኙ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ፣ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ፤ አንዷ የሌላዋን ጉልበት አታይም።

የሂንዲያ ጉልበት እስከ ዛሬ አልተበጠሰም። ትንበያው ትክክል ይሁን ስህተት ግን የሚነግራት ነገር የለም።

ማክሰኞ ከልምምድ በኋላ ወደ ዋና አሰልጣኙ ወንዳፍራሽ ቢሮ ገባች። ወንዳፍራሽ ሐብሐብ እየበላ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ ድሬ ከመጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ ትንሹም ትልቁም በድሬ ልማድ «አንተ» ሲለው አሁንም አንዳንዴ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዞር ብሎ ያያል። በዚህ የውድድር ዘመን መጨረሻ ጡረታ ይወጣል። ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነው፤ ሰኞ ደግሞ የኮሌጁ ቦርድ ሂንዲያን በእሱ ቦታ ይሾማል፤ እስከዚያ ካላፈነገጠች። ከዚህ በፊት ካልተጠሩት መካከል ዋና አሰልጣኝ የሆነች የለችም።

«ሰማህ?» አለችው።

«ደርሶኛል። ተቀመጪ፣ ሐብሐብ ብዪ።»

«ተሳስቶ ያውቃል?»

«መካሪው? አንድም ቀን።»

«በምን አወቅህ?»

«ካልተጠሩት ውስጥ ጅማቷ የተበጠሰባት አለች?»

«አልተጫወቱማ፣ ወንዳፍራሽ!»

«እኮ። አልተጫወቱም፣ አልተበጠሱም» አለ። ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ደስ ያለው አይመስልም። የሐብሐቡን ፍሬ እጁ ላይ ተፋ። «እኔ ትንበያ ሳይመጣ ነው ሥራ የጀመርኩት። ጅማት ሲበጠስ ሰምተሽ አታውቂም፤ እኔ ሰምቻለሁ። ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ልጅቷ መጀመሪያ አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ምን አደረግከኝ የምትል ነበር የምትመስለው። ስለዚህ መካሪውን ክፉ ነው አትበይብኝ።»

«ክፉ ነው አላልኩም።»

«ቅዳሜ የዳሬሰላም ክለብ ሰዎች ይመጣሉ አይደል?»

«ለእሷ ነው የሚመጡት። ለሶሬቲ።»

«ይመጣሉ፣ ስሟ አይጠራም፣ ይመለሳሉ። ልጅቷ ታለቅሳለች። እግሯ ግን እግሯ ይሆናል።» ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ሰኞ ይህ ወንበር ያንቺ ነው። ቅዳሜ የሚጠበቅብሽ አምስት ስም መጥራት ነው። አምስት ስም ብቻ፣ ሂንዲያ።»

ሐሙስ ዕለት ሐረር ለምትኖር ሰናይት ለምትባል ሴት ደወለች። ሰናይት ማን እንደሆነች በሊጉ የማያውቅ ረዳት የለም። ከሦስት ዓመት በፊት ትንበያ ሲወጣባት ረዳቷ አፈንግጣ ስሟን ጠርታ ነበር። ጅማቷ የተበጠሰው በዚያው ጨዋታ፣ ሁለተኛው ሩብ ላይ ነው። ረዳቷ ከሊጉ ወጣች፤ ሰናይት ዛሬም በምርኩዝ ትሄዳለች።

«ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ቶሎ በዪ» አለች ሰናይት።

ሂንዲያ ማን እንደሆነች ነገረቻት። ከወዲያ በኩል የሚዛን ድምፅና የሰዎች ወሬ ይሰማል።

«ረዳት ነሽ?» አለች ሰናይት። «እንግዲህ ትንበያ የወጣባት ልጅ አለችሽ ማለት ነው።»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ረዳትሽ ቀድማ ነግራሽ ነበር?»

«ነግራኛለች። መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ እያለቀሰች። እኔ ነኝ ያባበልኳት።» ሳቀች። «ከዚያ ገባሁ። ኳስ ሲመጣልኝ ኳሱ አይታየኝም፤ ሐሳቤ ሁሉ ጉልበቴ ላይ ነበር። ሽቅብ ስወጣ ደህና ነበርኩ። ስወርድ ፈራሁ። እግሬን እንደመሰብሰብ አደረግኩትና ወረድኩበት።»

«ባትነግርሽ ኖሮስ?»

«እኔ እሱን ስንቴ ጠየቅኩ መሰለሽ! መካሪው ልክ ነበር ይላሉ፤ እንዳለው ሆኗል። እኔ ደግሞ ባላውቅ ኖሮ ቀጥ ብዬ እወርድ ነበር እላለሁ። ማን ይፈርዳል? ሩብ ኪሎ ነው ያልሽኝ? ይቅርታ፣ ደንበኛ መጥታብኝ ነው። ሂንዲያ ነበር ያልሽኝ? እኔ እንዲህ አድርጊ አልልሽም። ቻው።»

ሂንዲያ ስልኩን ይዛ ብዙ ተቀመጠች። ቅዳሜ ምን እንደምታደርግ አልወሰነችም። አንድ ነገር ግን ወሰነች። ብትጠራትም ባትጠራትም ሶሬቲ አስቀድማ አታውቅም።

ይህ ውሳኔ የቆየው እስከ ዓርብ ነው።

ዓርብ ጠዋት ልምምዱ ከሰሌዳው ተመላሽ ኳስ መቀማት ነበር። ሶሬቲ ዘለለች። ከሁሉም በላይ ወጥታ ኳሱን በሁለት እጇ ያዘችና መውረድ ጀመረች። ሂንዲያ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ምን እንዳደረገች የገባት ካደረገችው በኋላ ነው፤ ከአልጋ የሚወድቅ ሕፃን እንደሚይዝ ሰው ሁለት እጆቿን ዘርግታ ከሶሬቲ ሥር ገብታ ነበር። ሶሬቲ ተደናግጣ ኳሱን ለቀቀችው፤ ግን በደህና ወረደች።

«ኮቼ፣ ልታዝያት ነው እንዴ?» አለች ረዊና የምትባለው ተጠባባቂ። «እኔንም እዘይኛ፣ ቀላል ነኝ!»

ልጆቹ ሳቁ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። መጀመሪያ አንዷ ዝም አለች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ በመጨረሻ ረዊና ራሷ አፏን በእጇ ያዘች። ረዳት አሰልጣኝ ተጫዋች ስትዘል ኳሱን ነው የምታየው። ጉልበት የምታይ ረዳት ምን እንደምታውቅ እዚያ ሜዳ ላይ ያልገባው አልነበረም። ኳሱ ብቻውን እየነጠረ ሄዶ ግድግዳው ሥር ቆመ።

ሶሬቲ ሄዳ ኳሱን አመጣችና ወደ ሰልፉ ተመለሰች።

ቅዳሜ ፀሐይዋ ስትበርድ የስፖርት አዳራሹ መሙላት ጀመረ። ሂንዲያ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ልጆቹ ሲወጡ ትቆጥራለች። ሶሬቲ ወደ ኋላ ቀረች። ሁሉም ሲወጡ በሩን ዘጋችው።

«ኮቼ።»

«ውጪ፣ ሰዓት ደርሷል።»

«የቱ ነው?»

«ምኑ?»

«አቦ አትቀልጂብኝ! ቀኝ ነው ግራ?»

የሂንዲያ ዓይን ወረደ፤ ቀና ካደረገችው በኋላም ሶሬቲ የት እንዳረፈ አይታ ነበር።

«ግራ» አለች ሶሬቲ፣ ለራሷ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «መቼ ነው የሚለው?»

«በዚህ ወር ውስጥ።»

«እንግዲህ ዛሬም ሊሆን ይችላል።»

ሶሬቲ ተነስታ ባለችበት ዘለለች። ወረደች። ደግማ ዘለለች። ሦስተኛውን ልትዘል ጎንበስ ካለች በኋላ ተወችውና ጉልበቷን ያዘች።

«ወላሂ እስከ ትናንት አያመኝም ነበር» አለች። «አሁን አመመኝ። ወይስ መሰለኝ? አላውቅም። የራሴን እግር እንኳ አላውቀውም። አየሽ ምን እንዳደረግሽኝ?»

«እኔ አልነገርኩሽም።»

«እጅሽ ነግሮኛል!»

ከውጭ ከበሮ ይመታል፤ ተማሪዎች ይዘፍናሉ። ሂንዲያ ይቅርታ ልትል አሰበች፤ ጊዜው የይቅርታ አልመሰላትም።

«አንቺን ማን ነገረሽ?» አለች ሶሬቲ። «ያን ጊዜ።»

«ማንም። አምስት ስም ተጠራ፣ የእኔ የለበትም። ጫማዬን አጥብቄ አስሬ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፈታሁት።»

«ተበጠሰ?»

«አልተበጠሰም።»

«ውሸቱን ነዋ!»

«አላውቅም፣ ሶሬቲ። አልተጫወትኩም፤ ስለዚህ አላውቅም። ውሸቱን ነው ብዬ ላስገባሽ አልችልም። ወንዳፍራሽ ጅማት ሲበጠስ በጆሮው ሰምቷል። ሐረር ውስጥ ስሟ በማፈንገጥ ተጠርቶ ዛሬ በምርኩዝ የምትሄድ ልጅ አለች፤ አናግሬያታለሁ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።»

«አንቺ ምን ትያለሽ ታዲያ?»

«እኔን ያን ቀን የጠየቀኝ አልነበረም። ስለዚህ ልጠይቅሽ። ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሶሬቲ የግራ እግሯን ዘረጋችው፣ አጠፈችው፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደተሰጣት ሁሉ ትኩር ብላ አየችው።

«መጫወት እፈልጋለሁ» አለች በመጨረሻ። «እየፈራሁ ነው፤ ግን እፈልጋለሁ። ካልጠራሽኝ ደግሞ አልለምንሽም። እንጀራሽ ነው። ሰኞ ዋና እንደሚያደርጉሽ ሁላችንም ሰምተናል። ረዊና ከረሜላ ሁሉ ገዝታልሻለች።»

በሩን ከፍታ ወጣች። አላነከሰችም። ሂንዲያ ግን ከኋላዋ ስትሄድ እያንዳንዱን እርምጃ እያየች መሆኗ ታወቃት።

አዳራሹ ውስጥ የዳሬሰላም ክለብ ሰዎች ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ወንዳፍራሽ አግዳሚው አጠገብ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ሂንዲያ ወደ መሃል ሜዳ ሄዳ ክቡ ውስጥ ቆመች። ከበሮው ዝም አለ።

መካሪው እንደ ወትሮው ረጋ ባለ ድምፅ፣ ድሬን በማያውቅ አነጋገር፣ የመጀመሪያውን ስም በጆሮዋ ነገራት። ጠራች። ሁለተኛውን ነገራት፣ ጠራች። ሦስተኛዋና አራተኛዋም ተጠርተው እየሮጡ ገቡ፤ አዳራሹ አጨበጨበ።

«ረዊና ጀማል» አለ መካሪው።

ሂንዲያ ወደ አግዳሚው አየች። ረዊና የላይ ልብሷን አላወለቀችም፤ ሶሬቲን ነው የምታየው። ሶሬቲ ሁለት መዳፎቿን ሁለት ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። የግራ ተረከዟ ወለሉን ቶሎ ቶሎ ይመታል።

«ድምፅ አልተሰማም» አለ መካሪው። «ረዊና ጀማል።»

ወንዳፍራሽ ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፤ ቆጣ ያለ አልነበረም፤ አይዞሽ የሚል ነበር የሚመስለው። ሂንዲያ ጅማት ሲበጠስ ሊሰማ የሚችለውን ድምፅ አሰበች። ከተሰማ ከሁሉ በፊት የሚደርሰው እሷ ጋ ነው፤ ረዳቷ የምትቀመጠው ለሜዳው ቅርብ ነው። ልጅቷ ዞራ የምታየውም እሷን ነው። መካሪው ልክ ሊሆን ይችላል። ይህን ለራሷ አልደበቀችም። አንድ ጊዜ ደግሞ ይደግምላታል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ካለች ጨዋታው የለም።

«ድምፅ አልተሰማም። ለመጨረሻ ጊዜ፦ ረዊና ጀማል።»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ሶሬቲ ቀና አለች።

«አምስተኛዋ ሶሬቲ ጉደታ ናት» አለች ሂንዲያ፤ ድምፅዋ ሲጀምር ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸና። «የጠራኋት እኔ ነኝ፤ ሂንዲያ አብዱሰላም።»